በሞንሰን አካዳሚ የተማሩት ሦስት ቻይናውያንና ያስከተሉት ታሪክ

መቅድም

ወደ ባሕር ማዶ ሄደው ስለ ተማሩ ሰዎች ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ታላቁ ከተማና ታላቁ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይሁን እንጂ ከነዚህ ተማሪዎች መካከል ጥቂት የማይባሉት የእንግድነትን ኑሮ መጀመሪያ የለመዱት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፥ ያውም ነዋሪው ሁሉ እርስ በርሱ በስም በሚተዋወቅባት በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። የዚህ ዓይነቱ ትምህርት ቤት ለእንግዳው ተማሪ ምን ሰጠው? ምንስ አስከፈለው? ተማሪውስ ላስተማሩት ሰዎችና ለወለደችው አገር ያለበት ዕዳ በምን ይለካል? እነዚህን ጥያቄዎች በግምት ከመመለስ ይልቅ አንድ የታወቀ ታሪክ ይዘን ብንመረምራቸው ይሻላል ብለን አስበናል።

ለዚሁም የመረጥነው በ1847 ከቻይና ተነሥተው በአሜሪካ አገር፥ በማሳቹሴትስ ግዛት፥ ሞንሰን ወደምትባለው ትንሽ ከተማ የገቡትን የሦስት ወጣቶች ታሪክና ከእርሱ የተነሣውን የቻይና መንግሥት የትምህርት መልእክት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለ ሞንሰን ኑሮ የምናውቀው በይበልጥ ከሦስቱ አንዱ የነበረው ዩንግ ዊንግ በ1909 በእንግሊዝኛ ካሳተመው የሕይወቱ ታሪክ ነው። መጽሐፉ ነገሩ ከተፈጸመ ስድሳ ዓመት ካለፈ በኋላ በሽምግልና ዘመን የተጻፈ ስለ ሆነ፥ ስለ ወዳጆቹ ሲናገር የሚያሞግስ፥ ስለ ተቃዋሚዎቹም ሲናገር የሚያመርር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስ ያስፈልጋል።

1. ተማሪዎቹ ከአገራቸው እንዴት እንደ ወጡ

ዩንግ ዊንግ በ1828 በደቡብ ቻይና፥ ከማካው አጠገብ በምትገኝ መንደር ከድኻ ቤተሰብ ተወለደ። በዚያ ዘመን ለቻይና ልጅ የክብር መንገድ የሚባለው የኮንፉሺየስን መጻሕፍት በቃል ማጥናትና የመንግሥትን ፈተና ማለፍ ነበር። በእኛ አገር ዳዊት ደግሞ፥ ቅኔ ተቀኝቶ፥ መጻሕፍት ያደላደለ ሰው ለማዕርግ እንደሚታጭ ሁሉ፥ በዚያም አገር ለሹመት የሚታጨው የቀደሙትን ሊቃውንት ቃል አጥንቶ የሚጽፈው ሰው ነበር። ስለዚህ ልጅን ለባዕድ ትምህርት ቤት መስጠት እንግዳ ነገር ነበር። ዩንግ ዊንግ የወላጆቹን አሳብ ሲገምት፥ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር የሚደረገው ንግድ እየሰፋ በመሄዱ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ልጅ በአስተርጓሚነት እንጀራ ያገኛል ብለው ይሆናል ይላል። እንግዲህ መነሻው የዕለት ኑሮ ችግር እንጂ የዕውቀት ፍቅር አልነበረም ማለት ነው።

ልጁ በመጀመሪያ በማካው ወይዘሮ ጉትስላፍ ከሚባሉት የሚሲዮን መምህርት ዘንድ ተማረ። ቀጥሎም አሜሪካዊው ቄስ ሳሙኤል ሮቢንስ ብራውን በ1839 በማካው ወደ ከፈቱት የሞሪሰን ትምህርት ቤት ገባ። ይህም ትምህርት ቤት ሆንግ ኮንግ በውል ለእንግሊዞች በተሰጠችበት በ1842 ወደዚያ ተዛወረ። በ1846 ቄስ ብራውን በጤና ማጣት ምክንያት ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲነሡ፥ ጥቂት ተማሪዎች አብረዋቸው ሊሄዱ እንደሚችሉ በክፍሉ ፊት አስታወቁ። የተነሡት ሦስት ናቸው፤ ስማቸውም ዩንግ ዊንግ፥ ዎንግ ሺንግና ዎንግ ፉን ይባላል። የትምህርታቸውን ወጪ ለሁለት ዓመት ለመቻል በሆንግ ኮንግ የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች ቃል ገቡ፤ ለወላጆቻቸውም የሚደጎሙበት ገንዘብ ተመደበ። የዩንግ ዊንግ አባት ሞተው ስለ ነበር የፈቃዱ ነገር በእናቱ ላይ ወደቀ። እናቲቱም ከብዙ ጭንቀት በኋላ ሁለት ዓመት ብቻ ነው ተብለው ፈቀዱ። ይህ የሁለት ዓመት ቃል ምን ያህል እንደ ተዘረጋ ወደ ፊት እንመለከተዋለን።

ሦስቱ ወጣቶች ከቄስ ብራውን ጋር በጥር ወር 1847 ሻይ በጫነች «ሀንትረስ» በምትባል መርከብ ተሳፈሩ። አፍሪካን በደቡብ ዞረው፥ በቅድስት ሔለና ደሴት የናፖሊዮንን መቃብር ተመልክተው፥ በሚያዝያ ወር ኒው ዮርክ ደረሱ። በባሕር ላይ የቆዩት ከሦስት ወር በላይ ነው።

2. አካዳሚውና የከተማው ኑሮ

ሞንሰን ከስፕሪንግፊልድ ከተማ በስተ ምሥራቅ ትገኛለች። አካዳሚዋ የተመሠረተው በ1804 ነው። በዚያ ዘመን የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገና ያልተስፋፋ በመሆኑ፥ በኒው ኢንግላንድ ገጠር ወጣቶችን ለኮሌጅ የሚያዘጋጁት እነዚህ አካዳሚዎች ነበሩ። አካዳሚ ማለት ከግዛቱ መንግሥት የመቋቋሚያ ፈቃድ ተቀብሎ፥ በራሱ ባለ አደራዎች የሚተዳደር፥ በተማሪዎች ክፍያና በበጎ አድራጊዎች ስጦታ የሚኖር ትምህርት ቤት ነው። ይህ ነፃነቱ ለነገራችን ትልቅ ትርጉም አለው። ርእሰ መምህሩና ባለ አደራዎቹ ከተስማሙ፥ ከዓለም ዳርቻ የመጣን ልጅ ለመቀበል ከማንም ሹም ደጅ መጥናት አያስፈልጋቸውም ነበር።

ቄስ ብራውን ተማሪዎቹን የወሰዱት ወደሚያውቋት ከተማ ነው። እናታቸው ወይዘሮ ፊቢ ብራውን በሞንሰን ይኖሩ ነበር። እኚህ ሴት በልጅነታቸው የትምህርት ዕድል ያላገኙ፥ በኋላ ግን የመዝሙር ደራሲ ሆነው ስማቸው የታወቀ ነው። ወጣቶቹ ከእርሳቸው ማዕድ እየበሉ፥ ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊት ባለ ቤት ያድሩ ነበር። እያንዳንዳቸው ለምግብ፥ ለመኝታ፥ ለማገዶ፥ ለመብራትና ለልብስ አጠባ በሳምንት የሚከፍሉት 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነበር። ይህም በዓመት ሲታሰብ 65 ዶላር ይሆናል። ክፍላቸውን የሚጠርጉት፥ በክረምትም እንጨቱን የሚሰነጥቁት ራሳቸው ነበሩ። አካዳሚው ከማደሪያቸው ግማሽ ማይል ያህል ይርቅ ስለ ነበር በቀን ሦስት ጊዜ ይመላለሱ ነበር፤ በክረምት በረዶው እስከ ሦስት ጫማ ከፍ ይል እንደ ነበር ዩንግ ዊንግ ጽፏል። የቆሎ ተማሪን ኑሮ የሚያውቅ አንባቢ እንዲህ ያለውን የድካም ትምህርት ለመገመት አይቸገርም።

የአካዳሚው ርእሰ መምህር ቄስ ቻርልስ ሐሞንድ በዬል ኮሌጅ የተማሩ፥ የእንግሊዝኛን ሥነ ጽሑፍ እጅግ የሚወዱ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት ዩንግ ዊንግ ሒሳብ፥ የእንግሊዝኛ ሰዋስው፥ የሰውነት አካል ዕውቀትና የአእምሮ ፍልስፍና ተማረ። ዬልን ለመግባት ሲዘጋጅ ደግሞ ለላቲን አሥራ አምስት ወር፥ ለግሪክ አሥራ ሁለት ወር፥ ለሒሳብ አሥር ወር ብቻ ነበረው። የአገሬው ልጆች ለዚህ ብዙ ዓመት የሚያውሉ ስለ ነበረ የእርሱ መሠረት ቀጭን መሆኑ ግልጽ ነው። በኮሌጅ ውስጥ በሒሳብ ቢቸገርም፥ በእንግሊዝኛ ድርሰት ግን ከክፍሉ ሽልማት እስከ ማግኘት ደርሷል። የርእሰ መምህሩ ፍላጎት በደቀ መዝሙሩ ላይ ታትሞ መቅረቱን ከዚህ ለመረዳት እንችላለን።

የከተማዪቱ ትንሽነት ሁለት ገጽ ነበረው። በአንድ ወገን፥ ሦስቱ እንግዶች ተለይተው የሚሸሸጉበት ሰፈር ስላልነበረ፥ ቋንቋውንና ልማዱን ከሰዎቹ ማዕድ ተማሩ። በሌላ ወገን ግን፥ የገዛ አገራቸውን ቋንቋና ጽሕፈት የሚያስተምራቸው አንድ ሰው በአካባቢው አልነበረም። ያገኙት ነገርና ያጡት ነገር ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ ነበር።

3. ሦስት ተማሪዎች፥ ሦስት መንገዶች

ዎንግ ሺንግ ጤና ስላጣ በ1848 ወደ ሆንግ ኮንግ ተመለሰ። ትምህርቱን ባይጨርስም ዕውቀቱ ባክኖ አልቀረም። በማተሚያ ቤት ሥራ ታወቀ፤ በ1884ም የሆንግ ኮንግ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል ለመሆን በቃ።

ሁለቱ በ1850 የሞንሰንን ትምህርት ሲጨርሱ፥ የሆንግ ኮንግ ረዳቶቻቸው ወደ ስኮትላንድ ሄደው የሙያ ትምህርት የሚማሩ ከሆነ እርዳታውን እንደሚቀጥሉ አስታወቁ። ዎንግ ፉን ይህን ተቀብሎ ወደ ኤዲንበርግ ሄደ። እዚያም ሕክምና ተምሮ፥ በምዕራባውያን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዲግሪ ያገኘ የመጀመሪያው ቻይናዊ ሆነ። በ1857 ተመልሶ በካንቶን በሐኪምነትና በመምህርነት እየሠራ በ1878 ሞተ።

ዩንግ ዊንግ ግን አሜሪካ ለመቅረትና ዬል ለመግባት ፈለገ፤ ገንዘብ ግን አልነበረውም። የሞንሰን አካዳሚ ባለ አደራዎች ለድኻ ተማሪዎች የተቀመጠ ገንዘብ ነበራቸው። ሊሰጡትም ፈቃደኞች ነበሩ፤ ነገር ግን ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ ሚሲዮናዊ ሆኖ ወደ አገሩ እንደሚመለስ በጽሑፍ ቃል እንዲገባ ደንቡ ያዝዛል። ዩንግ ዊንግ ክርስቲያን ነበረ፥ ገንዘቡም በእጅጉ ያስፈልገው ነበር፤ ሆኖም ቃሉን አልሰጥም አለ። ምክንያቱም ቻይናን በሚሲዮናዊነት ብቻ ሳይሆን ጊዜው በሚፈቅደው በማናቸውም መንገድ ለማገልገል ስለ ፈለገ፥ አስቀድሞ እጁን ማሰር የሚጠቅም መስሎ አልታየውም።

በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ባለ አደራዎቹ የጠየቁት ነገር ክፉ ነው ለማለት አይቻልም። ገንዘቡ ለተወሰነ ዓላማ የተሰጠ አደራ ነበርና። ተማሪውም ምስጋና ቢስ ነው ሊባል አይገባም። ለአንድ ልጅ በሃያ ሁለት ዓመቱ የሚጻፍለት ውል፥ በአርባ ዓመቱ ለአገሩ የሚያስፈልገውን ነገር አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። በኋላ የሆነውን ስንመለከት፥ የትምህርት መልእክቱ አሳብ የተወለደው ካልታሰረው ከዚህ ሰው ነው። ይህን ያህል ካልን ዘንድ፥ እርሱ በዬል ሊማር የቻለው በጆርጂያ ግዛት በሳቫና ከተማ የሚገኝ የሴቶች ማኅበር ያለ ውል ስለ ረዳው፥ ራሱም በተማሪዎች የምግብ ቤትና በመጻሕፍት ቤት እየሠራ ስለ ተደጎመ መሆኑን መጨመር ተገቢ ነው።

በ1854 ከዬል ተመረቀ፤ ከአሜሪካ ኮሌጅ የተመረቀ የመጀመሪያው ቻይናዊ እርሱ ነው። ሁለት ዓመት የተባለው ጊዜ ስምንት ዓመት ገደማ ሆኖ አገሩ ሲገባ የገዛ ቋንቋውን እስከ መርሳት ደርሶ ስለ ነበር፥ እንደገና ለመማር ወራት በካንቶን ተቀመጠ። እናቱ ዲፕሎማው ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስገኝ ጠየቁት። ጢሙንም አይተው፥ ታላቅ ወንድምህ ሳያሳድግ አንተ ማሳደግህ አይገባም ቢሉት፥ ያን ጊዜውኑ ሄዶ ተላጨ። ነገሩ ቀላል ቢመስልም የተመላሹን ተማሪ ኑሮ በሚገባ ያስረዳል። ቤቱ የሚለካው በራሱ መስፈሪያ ነው፤ ተማሪውም ያን መስፈሪያ ማክበሩን በሥራ ማሳየት ይኖርበታል።

4. ከሦስት ወደ መቶ ሃያ

ዩንግ ዊንግ ከተመለሰ በኋላ በአስተርጓሚነትና በሻይ ንግድ እየሠራ ቆየ። በ1863 ታላቁን የመንግሥት ሰው ዜንግ ጉዎፋንን ተዋወቀ። እርሳቸውም የመሣሪያ ፋብሪካ የሚቋቋምባቸውን መኪናዎች እንዲገዛ ወደ አሜሪካ ላኩት። እርሱም መኪናዎቹን ያሠራው በዚያው በማሳቹሴትስ ግዛት በፊችበርግ ከተማ ነው። ይህን ሥራ በታማኝነት መፈጸሙ የመንግሥትን አመኔታ አስገኘለት። ሲያልመው የኖረውን አሳብ ለማቅረብ የቻለውም ከዚህ በኋላ ነው። በ1871 ዜንግ ጉዎፋንና ሊ ሆንግዣንግ አሳቡን ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አቅርበው አስፈቀዱ።

ዕቅዱ እንዲህ ነበር። በያመቱ ሠላሳ ልጆች እየተመረጡ በአራት ዓመት 120 ይላካሉ። የልጆቹ ዕድሜ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ይሆናል። በአሜሪካ አሥራ አምስት ዓመት ይቀመጣሉ። ወጪው ከሻንግሃይ የጉምሩክ ገቢ ይከፈላል። ወላጆች ልጃቸው በባዕድ አገር ቢሞት ወይም አደጋ ቢደርስበት መንግሥት እንደማይጠየቅ ፈርመው ይሰጡ ነበር። መኳንንቱ ልጆቻቸውን በዚህ ውል ለመስጠት ስላልፈለጉ፥ አብዛኞቹ ልጆች የተገኙት ከውጭ አገር ሰዎች ጋር መገናኘት ከለመዱት ከደቡቡ ክፍል፥ ከጓንግዶንግ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ በ1872 አሜሪካ ሲደርሱ፥ በአንድ ትልቅ ቤት ከማከማቸት ይልቅ ሁለት ሁለት ወይም አራት አራት እየሆኑ በኮኔቲከትና በማሳቹሴትስ ከተሞች በየቤተሰቡ ተደለደሉ። ከቤተሰብ ጋር እየበሉ መማር፥ ሃያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ በወይዘሮ ብራውን ማዕድ ላይ በሦስት ልጆች የተፈተነው መንገድ ነው። ሁለተኛውን ጓድ በ1873 ይዞ የመጣው ደግሞ ያ በሕመም ምክንያት ሞንሰንን ትቶ የነበረው ዎንግ ሺንግ ነው።

ዩንግ ዊንግ በራሱ ላይ የደረሰውን የቋንቋ መርሳት በልጆቹ ላይ እንዳይደርስ ለመከላከል በዕቅዱ ውስጥ መድኃኒት አብሮ ነበር። የቻይና መምህራን አብረው ተላኩ። በሃርትፎርድ ከተማም ሰፊ ቤት ተሠርቶ ልጆቹ በየተራ እየመጡ የአገራቸውን ጽሕፈትና ሥነ ምግባር እንዲማሩ ተደረገ።

5. መልእክቱ የፈረሰበት ምክንያት

ልጆቹ ዕድሜያቸው ትንሽ ነበርና ፈጥነው ተለወጡ። ረጅሙን ልብሳቸውን ትተው የአገሬውን ልብስ ለበሱ፤ ቤዝቦል በሚባለው የኳስ ጨዋታም ታወቁ። አንዳንዶቹ ወደ ክርስትና አዘነበሉ፤ ጥቂቶችም ከኋላ የሚወርደውን ጕንጕን ጠጕራቸውን ቆረጡ። ይህ ጕንጕን ለንጉሠ ነገሥቱ የመታዘዝ ምልክት ስለ ነበር፥ መቁረጡ በአገሩ ሕግ እንደ ክህደት ይቆጠር ነበር። ከዩንግ ዊንግ ጋር መልእክቱን እንዲመሩ የተሾሙት ቼን ላንቢን፥ በኋላም የመጡት ዉ ዚዴንግ በቀድሞው ትምህርት ያደጉ ሊቃውንት ነበሩ። ዉ ዚዴንግ ልጆቹ የአገራቸውን ትምህርት ቸል እንዳሉ፥ ታላላቆቻቸውንም ማክበር እንደ ተዉ እየገለጹ ወደ ፔኪንግ ጻፉ።

ዩንግ ዊንግ በመጽሐፉ እኚህን ሰው በብርቱ ይወቅሳል። እኛ ግን ነገሩን በሁለት ወገን ማየት ይሻላል እንላለን። የሊቃውንቱ ሥጋት ከባዶ የተነሣ አልነበረም፤ ዩንግ ዊንግ ራሱ ቋንቋውን ረስቶ መመለሱ የሥጋቱ ምስክር ነው። ስሕተታቸው የልጅነትን ለውጥ እንደ መጨረሻ ፍሬ መቁጠራቸው ነው። አሥራ አምስት ዓመት የተወሰነለትን ሥራ በዘጠነኛው ዓመት ለፍርድ አቀረቡት።

ጥፋቱም በአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። በ1868 በቻይናና በአሜሪካ መካከል የተደረገው ውል የአንዱ አገር ሰዎች በሌላው አገር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመማር መብት እንዲኖራቸው ይፈቅድ ነበር። ሆኖም የቻይና መንግሥት ከፍ ያሉት ተማሪዎች በአሜሪካ የጦርና የባሕር ኃይል ትምህርት ቤቶች እንዲገቡ ቢጠይቅ አልተፈቀደም። በዚያው ዘመን በካሊፎርኒያ በቻይናውያን ሠራተኞች ላይ የተነሣው ጥላቻ እየበረታ ሄዶ ነበር። ስለዚህ በፔኪንግ የመልእክቱ ተቃዋሚዎች በቂ ማስረጃ አገኙ። የሃርትፎርዱ ቄስ ጆሴፍ ትዊቸልና ደራሲው ማርክ ትዌይን የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ጄኔራል ግራንትን ለምነው ለሊ ሆንግዣንግ ደብዳቤ አስጻፉ፤ የዬል ፕሬዚዳንት ኖኅ ፖርተርም ከሌሎች ምሁራን ጋር አቤቱታ ላኩ። ይሁን እንጂ በ1881 ተማሪዎቹ ሁሉ እንዲመለሱ ታዘዘ። በሚከተለው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ የሚከለክለውን ሕግ አወጣ።

ከ120ዎቹ መካከል የሞቱ፥ ቀደም ብለውም የተመለሱ ስለ ነበሩ በ1881 የተመለሱት 94 ያህል ናቸው። ያን ጊዜ የዬልን ትምህርት ጨርሰው ዲግሪ ያገኙት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሻንግሃይ ሲደርሱም የጠበቃቸው የክብር አቀባበል አልነበረም። በዘበኞች ታጅበው፥ ቸል ተብሎ በቆየ ሕንፃ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ተቀመጡ።

6. ዘግይቶ የታየው ፍሬ

ነገሩ በ1881 ቢዘጋ ኖሮ ትርፉ ከኪሳራው ያነሰ ሥራ ነበር ለማለት በተቻለ ነበር። ነገር ግን ከዲግሪ ተቀባዮቹ ሁለት ሰዎች አንዱ ዣን ቲያንዮው ከ1905 እስከ 1909 ከፔኪንግ ወደ ካልጋን የሚወስደውን የባቡር ሐዲድ ያለ ውጭ አገር መሐንዲስ ሠራ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የተባለው ተረት በትክክል የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። ታንግ ሻኦዪ በ1912 የቻይና ሪፑብሊክ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ሊያንግ ዱንየን የውጭ ጉዳይን ሥራ መራ። ታንግ ጉዎአን ደግሞ ተማሪዎችን ወደ አሜሪካ ለመላክ ያዘጋጅ የነበረውን የጺንግኋ ኮሌጅ በፕሬዚዳንትነት መርቷል። በእርሱ ዘመን የተዘጋው በር በእርሱ እጅ እንደገና ተከፈተ ማለት ነው።

የዩንግ ዊንግ የመጨረሻ ዘመን ግን ከሁለቱም አገር ያላረፈ ነበር። በ1852 ያገኘውን የአሜሪካ ዜግነት በ1898 የአሜሪካ መንግሥት አላውቀውም አለው። በቻይናም በዚያው ዓመት የተነሣውን የማሻሻያ እንቅስቃሴ በመደገፉ ተፈላጊ ሆኖ ሸሸ። በ1912 በሃርትፎርድ ሞተ። ሞንሰን አካዳሚም በ1971 በአጠገቡ ከምትገኘው ከዊልብራሃም ከተማ አካዳሚ ጋር ተዋሕዶ ስሙን በጣምራ እስከ ዛሬ ይዞ ይገኛል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የምናወጣው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ ትንሽ ከተማና ራሱን የሚያስተዳድር ትምህርት ቤት ለእንግዳ ተማሪ ትልቅ ነገር ሊያደርግ የቻለው በሀብት ብዛት አይደለም። በማዕድ፥ በቅርበትና አንድ መምህር ለአንድ ልጅ በሚሰጠው ጊዜ ነው። ሁለተኛ፥ ያው ቅርበት ተማሪውን ከቋንቋው ስለሚያርቀው፥ ላኪው አገር ይህን ጉዳት አስቀድሞ አስቦ መድኃኒቱን ማዘጋጀት ይገባዋል፤ መድኃኒቱ ጊዜ ሲፈጅ ግን ልጆቹን መጥራት መድኃኒቱንም በሽተኛውንም አብሮ መጣል ነው። ሦስተኛ፥ የተማሪ ዕዳ በውል ወረቀት ተለክቶ አያልቅም። በሞንሰን ውል ያልፈረመው ሰው ለአገሩ 120 ተማሪዎች አስላከ፤ ወላጆቻቸው ፈርመው የሰጧቸው ልጆች ደግሞ ተጠርጥረው ከተመለሱ በኋላ ሐዲድ ዘረጉ፥ መንግሥት መሩ።

ሊቃውንቱ ልጆቹን የመዘኗቸው በልብሳቸውና በጠጕራቸው ነበር። ከሃያ አምስትና ከሠላሳ ዓመት በኋላ አገሪቱ የፈለገችባቸው ግን በትምህርት ያገኙትን ዕውቀት ነው። ስለዚህ ወደ ውጭ ስለ ተላከ ተማሪ ፍርድ የሚሰጥ ሁሉ፥ ፍርዱን ከመስጠቱ በፊት ጊዜው መድረሱን ቢመረምር መልካም ነው እንላለን።